የእትዬ ለተብርሃን ዱባ

እትዬ ለተብርሃን ማረፋቸውን ያነበብኩት በሕንፃችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። መገናኛ ካለው የቧንቧ ዕቃ ሱቄ ውስጥ ቆሜ ከአንድ ኮንትራክተር ጋር በዋጋ እየተከራከርኩ ነበር። ከመልእክቱ በላይ «ውኃ መጣ ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ከበታቹ ደግሞ «በሩን የዘጋችው ነጭ መኪና የማን ናት?» የሚል ቁጣ። በሁለቱ መካከል «እትዬ ለተብርሃን ዛሬ ጠዋት አርፈዋል፣ ነፍስ ይማር» ተብሏል። እሳቸው ራሳቸው ቢያዩት ይስቁ ነበር፤ ግሩፑን «ገበያው» እያሉ ነው የሚጠሩት። ኮንትራክተሩን ባልከው ዋጋ ውሰድ ብዬ ሱቁን ዘጋሁ። ወደ ቤት በሚወስደኝ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። በቀላሉ የማለቅስ ሰው አይደለሁም፤ ባለቤቴ ትመስክር።

እትዬ ለተብርሃን የአፈር ኬሚስትሪ ዶክተር ነበሩ። ዕድሜያቸውን በግብርና ሥራና በማስተማር አሳልፈው ጡረታ ሲወጡ፣ ገርጂ የነበረውን የኪራይ ቤታቸውን ለቀው ለሚ ኩራ ውስጥ በዕጣ በደረሳቸው ኮንዶሚኒየም፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ገቡ። ዶክተር መባል ግን አይወዱም። «ዶክተር ስትሉኝ ሰዉ ሁሉ መርፌ የምወጋው እየመሰለው ክንዱን ይደብቃል» ይላሉ። ቀጭንና ረጅም ናቸው። መልስ ከመስጠታቸው በፊት መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ፤ ያን ሲያደርጉ ካየሁ የምሰማው ነገር እንደማይጥመኝ አውቃለሁ። የአክሱም ልጅ ስለሆኑ አልፎ አልፎ ትግርኛ ጣል ያደርጋሉ። «አጆኻ» ካሉኝ በርታ ማለታቸው ነው። «ወደይ» ካሉኝ ግን፣ ልጄ ማለት ቢሆንም፣ አንድ ሥራ ሊያሸክሙኝ ነው።

ከሕንፃችን ጀርባ እስከ ወንዙ የሚደርስ ባዶ ቦታ አለ። ድሮ የእርሻ ፀረ ተባይ የሚከማችበት መጋዘን ነበረበት። መጋዘኑ ፈርሶ ቆርቆሮው ከተነሳ በኋላ ቦታው ለነዋሪው ተተወ። የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሲያርፍበት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ያወጣል፤ እኛ ግን የወንዙ ሽታ ነው እያልን አለፍነው። ወቅቱ የከተማ ግብርና ወሬ የሞቀበት ነው፤ ሰዉ በረንዳው ላይ በባልዲ ሽንኩርት ይተክላል። እኛም ቦታውን በየብሎኩ ተካፍለን ጎመንና ሰላጣ ልንተክል ተስማማን። የኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ፤ የተመረጥኩት ከስብሰባው በመቅረቴ ነው። እንዲያም ሆኖ ሥራውን ወድጄው ዶማ ሁሉ ገዝቻለሁ።

መቆፈር በጀመርንበት ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ለተብርሃን ቢጫ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አጥልቀው መጡ።

«መስፍን፣ ዶማውን አስቀምጥ ወደይ» አሉኝ።

እኔ ዶማዬን አስቀመጥኩ፤ ሌላውም እየሳቀ አቆመ። እሳቸው ከየማዕዘኑ አፈር እየዘገኑ በንጹሕ የማር ብርጭቆ ሞሉ፤ በየብርጭቆው ላይ ቦታውን ጻፉበት። ተማሪያቸው የነበረች አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ አለች፤ አፈሩን ወደ እሷ ላኩት። ውጤቱ ሲመጣ ቤቴ ድረስ ወርደው ነገሩኝ። መሬቱ ውስጥ ለዓመታት የማይጠፋ አሮጌ ፀረ ተባይ አለ። ጎመን ብንተክልበት ጎመኑን ብቻ አይደለም የምንበላው።

«ታዲያ አፈሩን በገልባጭ መኪና እናስወጣዋ» አልኳቸው።

«የት ትደፋዋለህ?»

«ራቅ አድርገን።»

«ራቅ ያለው ቦታ ሰው የለበትም?» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። ወለወሉት። «ዱባ ነው የምንተክለው።»

አርጅተዋል ብዬ አሰብኩ፤ እውነቱን ለመናገር። እሳቸው ግን ተቀምጠው አስረዱኝ። ይህ መርዝ አፈሩን የሙጥኝ ብሎ የሚይዝ ነው፤ ውኃ አያጥበውም፤ ብዙው ተክልም አይነካውም። አንዳንድ የዱባ ዘር ግን ከሥሩ የሚያመነጨው ነገር መርዙን ከአፈሩ ያላቅቀዋል፤ ከዚያ ወደ ግንዱና ወደ ቅጠሉ ይስበዋል። ተክሉ ሲነቀል መርዙ አብሮ ይነቀላል። ክረምት በክረምት እንዲህ እየተደረገ መሬቱ ይቀልለዋል። በወንዙ ዳር ደግሞ ሥሩ ጠልቆ የሚሄደውን ቬቲቨር የሚባል ሳር እንተክላለን፤ እሱ ጎርፉ አፈሩን ይዞ ወንዝ እንዳይገባ ይገታል። እኔ የቧንቧ ሰው ነኝና በሥራዬ ቋንቋ ገባኝ፤ ዱባው መምጠጫ ፓምፕ፣ ሳሩ ደግሞ መዝጊያ ቫልቭ ነው። ይህን ስላቸው ደስ ብሏቸው «ተማሪዎቼ እንዲህ አጭር አድርገው መልሰውልኝ አያውቁም» አሉ።

ቀጥሎ ያሉት ግን ሰፈሩን ሁሉ ያስቆጣ ነገር ነው። ዱባው ዱባ አያፈራም። አበባው ሲወጣ ጠዋት ጠዋት ይቀጠፋል። ብዙው መርዝ የሚቀረው ግንዱና ቅጠሉ ውስጥ ነው፤ ፍሬው ያነሰ ሊይዝ ይችላል። «ያነሰ የሚለውን ቃል ግን ለሰው አትንገር» ብለው አስጠነቀቁኝ። «ሰው ያነሰ ስትለው ትንሽ ብቀምስ የሚል ነው የሚሰማው።» የተነቀለውም በአደባባይ አይቃጠልም፤ በተራ እሳት ካቃጠልነው መርዙን በጭስ ለጎረቤት አደልነው ማለት ነው ይላሉ። ደርቆ በርሜል ውስጥ ይታሸጋል፤ ከዚያ እሳቸው በሚያውቋቸው ሰዎች በኩል በከፍተኛ ሙቀት ወደሚነድ ምድጃ ይላካል።

እንዲህ ባለው ነገር ላይ ቀልድ አያውቁም። ሕንፃችን ምድር ቤት ላይ ሱቅ ያለው ሰይድ፣ የወሎ ልጅ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ለአረፋ የገዛውን በግ በዱባው ዳር አስሮ ወደ ሱቁ ገባ። ሲመለስ ገመዱ ብቻ ቀርቷል። ጥበቃውን ጠየቀ፣ እኔን ጠየቀኝ፣ ፖሊስ ልጥራ ሲል ከላይ የበግ ድምፅ ተሰማ። ቀና ብንል በጉ እትዬ ለተብርሃን በረንዳ ላይ፣ ከታጠበ አንሶላ አጠገብ ቆሞ ድርቆሽ ይበላል።

«ሰይድ፣ በግህ እንግዳዬ ነው» አሉት ከፎቅ። «ቅጠሉን በጉ ይበላል፤ በጉን አንተ ትበላለህ፤ የተረፈውን ለዘመድና ለድሃ ታከፋፍላለህ። እስከ በዓሉ እኔ ጋ ይቆይ።»

እስከ በዓሉ እሳቸው ጋ ቆየ። ደረጃው ሁሉ ሸተተን፤ የግሩፑ ስሞታ አያድርስ ነው። እሳቸው ግን በጉን ጠዋት ሲያወርዱ፣ ማታ ሲያወጡ፣ በኩራት ነበር። ሰይድ «በጌ ከእኔ የተሻለ ቤት ገባ» እያለ ለደንበኛው ሁሉ ያወራው ነበር።

አንድ ቀን ዱባው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ለምን ይህን ያህል እንደሚደክሙ ጠየቅኳቸው። ጡረታ የወጣ ሰው ያርፋል እንጂ ጓንት አጥልቆ አበባ አይቀጥፍም።

«ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ለገበሬ ፀረ ተባይ መርጨት ማስተማር ነበር» አሉ። «በእጄ እየበጠበጥኩ አሳያቸው ነበር። ያኔ እኛም የተነገረን ጥሩነቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ልቤ አይከሰኝም፤ ግን ከሥራዬ ግማሹ ይቀረኛል ብዬ ነው የማስበው። ማስገባቱን አስተምሬያለሁ፤ ማውጣቱን ሳላስተምር አልሞትም።»

እንዲህ ሲናገሩ ምርር ብለው አይደለም። ሥራ እንደሚጠብቀው ሰው ነቃ ብለው ነው። እኔ በሕይወቴ ካየኋቸው ሰዎች መሬቱ እንደሚድን ያለ ጥርጥር የተናገሩ እሳቸው ብቻ ናቸው።

በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ የእህታቸው ልጅ ታሞባቸው ወደ መቀሌ ሄዱ። አበባ የመቅጠፉን ተራ ለየብሎኩ አከፋፍለው፣ «አጥብቃችሁ ቅጠፉ» ብለው ነው የሄዱት። ችግሩ ያበበን ነገር መቅጠፍ ለብዙ ሰው ነውር መሆኑ ነበር። እናቶቻችን ያበበ ዱባ ሲያዩ ምርቃት እንጂ ቅጠፋ አላስተማሩንም። ስለዚህ ተረኛው ሁሉ ከፊት የሚታየውን እየቀጠፈ ቅጠል ሥር ያለውን እያየ እንዳላየ አለፈው። እሳቸው ሊመለሱ ሲቃረቡ ቅጠሉ ሥር የተኛው ዱባ የሕፃን ጭንቅላት አክሏል።

በዚያው ሳምንት ከአራተኛ ፎቅ አንድ አዛውንት አረፉ። ድንኳን ተተከለ። የዕድሩን ወጥ የምትሠራው ዘነበች ናት፤ እኩያዬ ናት፣ ደረጃ እንካፈላለን። እጇ የተባረከ ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ ልቅሶም ሠርግም ያለ እሷ አይሠራም፤ እሷም ታውቀዋለች። ቀኑ ዓርብ ነበርና የጾም ወጥ ያስፈልጋል። ዘነበች ከጓሮ የበሰለ ዱባ አየች፤ ለሐዘንተኛ የሚሆን ነገር ከራሳችን ደጅ ተገኘ ብላ ደስ አላት። ቆረጠች፤ አቁላላች፤ ትልቁን የዕድር ድስት ሞላች።

እትዬ ለተብርሃን የደረሱት ያን ጊዜ ነው። ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ለሐዘንተኞቹ ሊደርሱ በድንኳኑ ጀርባ ሲያልፉ የዱባ ልጣጭ አዩ። እኔ ወንበር እየደረደርኩ ነበር።

«ዘነበች፣ ይህ ዱባ ከየት ነው?» አሉ።

«ከራሳችን ጓሮ ነዋ እትዬ። እግዜር ለዛሬ ያስቀመጠልን ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ይወለውሉታል ብዬ ስጠብቅ ኪሳቸው ከተቱት። ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ጠቅልለው የድስቱን ሁለት ጆሮ ያዙና ደፉት።

ልቅሶ ቤት የተሠራ ምግብ ሲደፋ አይቼ አላውቅም፤ ይደፋል ብዬም አስቤ አላውቅም። ቀይ ወጡ በሣሩ ላይ ፈሰሰ። አንዲት ሴት «ኧረ አብደዋል» ስትል ሰማሁ። እትዬ ለተብርሃን ቀና ብለው፣ ድምፃቸውን ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። አበባውን እንድትቀጥፉ ነገርኳችሁ እንጂ ለምን እንደሆነ በደንብ አልነገርኳችሁም» አሉ። ከዚያ አካፋ አንስተው ወጡን ከነአፈሩ እየዛቁ በርሜል ውስጥ ጨመሩ። ጨርሰው እጃቸውን ታጠቡ። «ሽንኩርትና ሽሮ አምጡልኝ» ብለው ምድጃው ዳር ተቀመጡ።

ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር። እንደዚያው በላነው። ዘነበች ግን ጭልፋዋን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጥታ ነበር። በሰዎቹ ሁሉ ፊት ድስቷ ተደፍቶባታል፤ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሽሮ አይካካስም።

በሚቀጥለው እሑድ ነዋሪው ስብሰባ ጠራ። ወሬው እኔ ጋ ቀድሞ ደርሶኛል፤ ቦታው ከእትዬ ለተብርሃን ይወሰድና ጎመን ይተከልበት የሚል ነው። ያ ከጸደቀ ያለፉት ሁለት ክረምቶች ልፋት ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ከዚያ መሬት ሊበላ ነው። እኔ በጣም ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ከፊት ወንበር ተቀምጠው የነጠላቸውን ጥለት ያስተካክላሉ።

ሰይድ ተነሣ። «እትዬ፣ እኔ አከብርዎታለሁ፤ በጌንም ተቀብለው አስተናግደውልኛል። ግን ሰዉ የሚለውን ልንገርዎት። መርዝ የተባለው አይታይም፤ የሚታየው የተደፋው ወጥ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የማይበላ ነገር ኮተኮትን። ይብቃን ነው የሚሉት።»

ዘነበች ከኋላ፣ ከወንበሯ ሳትነሣ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «ያንን ወጥ ብንበላው እንሞት ነበር?»

«አትሞቱም» አሉ እትዬ ለተብርሃን።

ጉርምርምታው ቤቱን ሞላው። እኔ በልቤ አለቀልን አልኩ።

«ብትሞቱማ ሥራዬ ቀላል ነበር» ብለው ቀጠሉ። «የሚገድል ነገር ማንም አይደግመውም። ይህኛው አይገድልም፤ ይቀመጣል። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እየገባ ሰውነታችሁ ስብ ውስጥ ይጠራቀማል። ሰውነት በቀላሉ አይለቀውም። የሚወጣበት ዋናው መንገድ የእናት ወተት ነው። እናትየዋ ምንም አልሆነችም፤ ጤነኛ ናት። ያጠራቀመችውን ግን ለልጇ ታጠባዋለች።»

ዘነበች ተነሥታ ወጣች። በሩ ሲዘጋ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ፤ ተቆጥታ መሰለን። ሰይድ እጅ ይውጣ ይል ጀመር። እኔ ሰብሳቢ ነኝና ጊዜ ለመግዛት አጀንዳ ላይ አጀንዳ እየጨመርኩ፣ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ውኃ ታንከር የማይረባ ነገር እናገራለሁ።

በሩ ተከፈተ። ዘነበች በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛ በመካከላችን አልፋ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ግማሽ ዱባ ነበር።

«ያን ቀን ከቆረጥኩት ያስቀረሁት ነው» አለች። «ድስቴን ሲደፉብኝ በእልህ አስቀመጥኩት፤ አልጥልም ብዬ። ልጄ ሜሮን አራስ ናት። ዱባ ወተት ይሞላል ይላሉ።»

«በልታለች?» አሉ እትዬ ለተብርሃን። ብድግ ብለው ነበር። እንደዚያ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም።

«ዛሬ ልሠራላት ነበር።»

እትዬ ለተብርሃን ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ የዘነበችን እጅ ይዘው «አጆኺ ጓለይ» አሉ፤ ደጋግመው፤ በርቺ ልጄ ማለታቸው ነው። ሁለቱም አለቀሱ። ሰይድ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞሮ «ሰብሳቢ፣ ዱባው ይቀጥል ብለህ ጻፍ» አለ። እጅ ያወጣ አልነበረም፤ ማውጣትም አላስፈለገም።

ከዚያ በኋላ አበባ ለመቅጠፍ ማንንም መለመን ቀረ። እንዲያውም እትዬ ለተብርሃን ጠዋት ወርደው አበባ የሚያጡበት ቀን ነበር፤ ሰዉ ቀድሟቸው ይቀጥፋል። ክረምት ባለፈ ቁጥር አፈሩን በማር ብርጭቆ ይልካሉ፤ ውጤቱ ከአምናው ወርዶ ይመጣል። ሽታው እየጠፋ ሄደ። የወንዙ ዳር ሳር ሰው አክሎ ቆመ፤ ጎርፉም አጠገቡ ሲደርስ ይረጋ ጀመር። ከሌሎች ሰፈሮች ሰዎች እየመጡ ይጠይቋቸዋል፤ እሳቸው ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው ያስተምራሉ። ሁሉም ተክል ለሁሉም መርዝ እንደማይሆን፣ መጀመሪያ አፈሩ መመርመር እንዳለበት ሳይነግሩ የሚሸኙት ሰው የለም። አንዱ ሰውዬ መቼ ያልቃል ቢላቸው «ጎመን ለመብላት ከቸኮልክ ገበያ አለልህ» ብለውታል።

በመጨረሻው ዓመት ልባቸው ደከመ። ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው ወንበር አውጥተንላቸው ከታች ይቀመጡ ነበር። ፍርሃት አላየሁባቸውም። «ይድናል መስፍን» ነበር የሚሉኝ፤ የራሳቸውን ልብ ማለታቸው እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ስለ ልባቸው እንዲያወሩልኝ እፈልግ ነበር። አሁን እንኳ ሳስበው ይከፋኛል፤ ስለራሳቸው ሳንጠይቃቸው ነው የሄዱት።

ከቀብራቸው በኋላ ያቺ የላቦራቶሪ ባለሙያ ደወለችልኝ። የዘንድሮው ውጤት ወጥቶ ለእሳቸው ልትነግር ስትል ነው መርዶውን የሰማችው። መርዙ ከጀመርንበት በጣም ወርዷል። ልጆች ሊሮጡበት፣ ዛፍ ሊተከልበት ይችላል። ለሚበላ ነገር ግን ገና ነው፤ ጥቂት ክረምት ይቀረዋል።

ለነዋሪው ይህንኑ ተናገርኩ። በቅርብ የገባ አንድ ወጣት ኢንጂነር እጁን አወጣ። ሰው ወዳድ ልጅ ነው፤ ለቀብሩም ድንኳን ሲተክል የዋለው እሱ ነው። «ጋሼ፣ ሪዛልቱ አሪፍ ነው እኮ። ለምን በስማቸው ኮሚዩኒቲ ጋርደን አናደርገውም? ጎመን፣ ሰላጣ፣ ኦርጋኒክ ነገር። ያቺ የቀረችው ትንሽ ናት አይደል?»

ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ሐዘን ላይ ነን፤ ለእሳቸው አንድ ጥሩ ነገር ማድረግ ሁላችንም እንፈልጋለን። እኔ እንኳ ወረቀቴን አገላብጣለሁ።

ዘነበች ተነሣች። የሜሮን ልጅ ቀሚሷን ይዛ አብራ ቆመች።

«ገና ነው ተብሏል፤ ገና ነው» አለች። «ትንሽ ናት ብለህ ለዚህች ልጅ በጉርሻ ስጣት እስቲ። እኔ አልሰጣትም።» ወደ እኔ ዞረች። «ዘሩ የት ነው ያለው መስፍን?»

ዘንድሮም ዱባ ተከልን። አበባውን የምትቀጥፈው ዘነበች ናት፤ ቅጠሉን እየገለበጠች፣ ሥር ሥሩን እያየች። አንድም ዱባ አልበላንም።